ዊልያም ዊዘሪንግና የሽሮፕሻየሯ ባልቴት፦ ከምስጢር ቅመማ ወደ ተለካ መጠን

እ.ኤ.አ. በ1775 በእንግሊዝ አገር መካከለኛ ክፍል የሚሠራ አንድ ሐኪም ስለ አንድ የቤተሰብ መድኃኒት አስተያየቱን እንዲሰጥ ተጠየቀ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መድኃኒቱ ሰውነታቸው ውኃ ለሚቋጥርና ለሚያብጥ ሕሙማን የሚሰጥ ሲሆን፣ በሽሮፕሻየር አውራጃ የምትኖር አንዲት ባልቴት ለረጅም ጊዜ በምስጢር ይዛው ቆይታለች። የተማሩት ሐኪሞች ሞክረው ያልተሳካላቸውን አንዳንድ ሕሙማን እርሷ ታድናቸዋለች ይባል ነበር። ቅመማው 20 ወይም ከዚያ በላይ ዕፀዋት የተቀላቀሉበት ነው። የወሰደው ሰው በኃይል ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋልም። ሐኪሙ ዊልያም ዊዘሪንግ ነበር። ዕፀዋትን ጠንቅቆ ያውቅ ስለነበር፣ ከእነዚያ ሁሉ ቅጠላ ቅጠሎች መካከል ሥራውን የሚሠራው ፎክስግላቭ የተባለው አንዱ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ለመገመት ብዙ አልተቸገረም። ከ10 ዓመት በኋላ ስለዚህ ተክል ያሳተመው መጽሐፍ ከሀገረሰብ ዕውቀት የተገኘ አንድ መድኃኒት እንዴት እንደሚለካ፣ ለማን እንደሚሰጥና መቼ እንደሚቆም በዝርዝር ካስረዱ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ሆነ። በመጽሐፉ ውስጥ የባልቴቲቱ ስም የለም።

ዊዘሪንግ በብዙ የማስተማሪያ መጻሕፍት ዲጂታሊስን ያገኘ ሰው ተብሎ ይጠቀሳል። አባባሉ ትክክል አይደለም። ባልቴቲቱ ቀድማው ታውቀው እንደነበር ከላይ ተመልክቷል፤ ተክሉ በጽሑፍም ቢሆን አዲስ አልነበረም። ጀርመናዊው ሐኪም ሌዎንሃርት ፉክስ በ1542 ባሳተመው የዕፀዋት መጽሐፍ ዲጂታሊስ የሚል የላቲን ስም ሰጥቶታል። ስሙ የመጣው ጣት ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ በጀርመንኛ የተክሉ መጠሪያ ልብስ ሰፊዎች መርፌ እንዳይወጋቸው ጣታቸው ላይ የሚያጠልቁት ቆብ ማለት ስለሆነ፣ ፉክስ ይህንኑ ወደ ላቲን መለሰው። በእንግሊዝኛ ደግሞ የቀበሮ ጓንት እንደማለት ነው። ደወል የሚመስሉት ሐምራዊ አበቦች በእርግጥም ለጣት ልክ ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የዕፀዋት መጻሕፍት ለቁስል፣ ለአንገት እጢና ለሚጥል በሽታ ይጠቅማል እያሉ ጽፈውለታል፤ በመድኃኒት መዝገቦችም አንዴ ሲገባ አንዴ ሲወጣ ኖሯል። ስለዚህ የዊዘሪንግን ድርሻ ለመረዳት ምን አገኘ ከማለት ይልቅ፣ ሌሎች የሚያውቁትን ነገር ወስዶ ምን አደረገበት ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ዊዘሪንግ መጋቢት 17 ቀን 1741 በዚሁ በሽሮፕሻየር፣ ዌሊንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤድመንድ መድኃኒት ቀማሚና የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ስለነበር ልጁ ያደገው በብልቃጦችና በደረቁ ቅጠሎች መካከል ነው ማለት ይቻላል። በ1762 ወደ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ሕክምና አጠና፤ በ1766 ስለ አደገኛ የጉሮሮ ቁስል የመመረቂያ ጽሑፍ አቅርቦ ዶክተር ተባለ። በኤድንብራ ቆይታው አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የዕፀዋት ጥናት መምህሩ ጆን ሆፕ ተማሪዎቹን ለማበረታታት የወርቅ ሜዳሊያ አዘጋጅቶ ነበር፤ ወጣቱ ዊዘሪንግ ግን ለወላጆቹ በጻፈው ደብዳቤ ይህ ሽልማት እንኳ ስለ ትምህርቱ ያደረበትን ጥላቻ ሊያስወግድለት እንደማይችል ገልጿል። በኋላ የብሪታንያን ዕፀዋት ዘርዝሮ የሚጽፈው ሰው ይህ ነው።

ጥላቻውን ያስለወጠው መምህር ሳይሆን አንዲት ታካሚ ናት። በ1767 በስታፎርድ ከተማ ሥራ ሲጀምር የሚመጡለት ሕሙማን ጥቂት፣ ትርፍ ጊዜው ብዙ ነበር። ከታካሚዎቹ አንዷ ሄለና ኩክስ አበባ የመሣል ዝንባሌ ነበራት። ዊዘሪንግ እርሷ የምትሥላቸውን ዕፀዋት ከሜዳና ከጫካ እየለቀመ ያመጣላት ጀመር፤ እየለቀመም ይለያቸው፣ ይመዘግባቸው ገባ። በ1772 ተጋቡ። በ1776 የታተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፉ በብሪታንያ ምድር በተፈጥሮ የሚበቅሉትን ዕፀዋት በስዊድናዊው ሊኔየስ የአመዳደብ ሥርዓት በእንግሊዝኛ ያቀረበ ሲሆን፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እየተሻሻለ ሲታተም ኖሯል። የሊኔየስ ሥርዓት በአበባ የወንዴና የሴቴ ክፍሎች ቁጥር ላይ የተመሠረተ ስለነበር ዊዘሪንግ ሴት አንባቢዎች እንዳያፍሩ በማሰብ ቃላቱን አለሳልሶ ተርጉሟቸዋል። ይህ በዘመኑም ቢሆን ከሌሎች የዕፀዋት ሊቃውንት ትችት አላዳነውም።

በ1775 መጀመሪያ በበርሚንግሃም ዊልያም ስሞል የተባለ ታዋቂ ሐኪም ሞተ። የሊችፊልዱ ሐኪም ኢራዝመስ ዳርዊን፣ በኋላ ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው የቻርልስ ዳርዊን አያት፣ ቦታው ክፍት መሆኑን ለዊዘሪንግ ጠቆመው። ዊዘሪንግም ወደ በርሚንግሃም ተዛወረ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ የእንፋሎት ሞተር ባለሙያው ጄምስ ዋት፣ ባለ ፋብሪካው ማቲው ቦልተንና ኋላም የኬሚስትሪ ሊቁ ጆሴፍ ፕሪስትሊ የሚገናኙባት ነበረች። እነዚህ ሰዎች ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ሰሞን፣ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ እንዲታያቸው፣ በየወሩ እየተሰበሰቡ ስለ ሳይንስ ይወያዩ ስለነበር ማኅበራቸው ሉናር ሶሳይቲ ተባለ። ዊዘሪንግም አባል ሆነ። የባልቴቲቱ ቅመማ ጥያቄ የደረሰው በዚሁ ዓመት ነው።

ዊዘሪንግ ባልቴቲቱን በአካል ስለማግኘቱ የጻፈው ነገር የለም። የደረሰው ስለ ቅመማው የተነገረው ብቻ ነው። በኋላ የተሠሩት ሥዕሎችና ትረካዎች ሁለቱን ፊት ለፊት ያገናኟቸዋል፤ በመጽሐፉ ግን ባልቴቲቱ በአንድ አጭር አንቀጽ ተጠቅሳ ታልፋለች። መድኃኒቱን በምስጢር መያዟ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይሆንም። በአገራችንም መድኃኒት አዋቂዎች ዕውቀታቸውን መርጠው ለሚያምኑት አንድ ልጅ ብቻ ማስተላለፋቸው፣ ሌላው ቢያውቀው ኃይሉን ያጣል ማለታቸው የታወቀ ነው። ምስጢሩ ለባለቤቱ መተዳደሪያም መከበሪያም ነው። ሲፈታ የሚጠቀመው ሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል የሽሮፕሻየሩ ታሪክ ያሳያል።

ዕድሉ ለዊዘሪንግ የተከፈተለት በድሆች በኩል ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል መድቦ ችግረኞችን ያለ ክፍያ ያይ ነበር፤ በራሱ ግምት በዓመት ከ2,000 እስከ 3,000 ሰው ይሆናሉ። ፎክስግላቭን በልዩ ልዩ ሕሙማን ላይ ለመሞከር ሰፊ አጋጣሚ ያገኘው ከእነዚህ መካከል እንደሆነ ራሱ ገልጿል። ይህ በዛሬ የምርምር ሥነ ምግባር ሚዛን ከባድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ቅጽም፣ የሚቆጣጠር ኮሚቴም አልነበረም። በአንጻሩ ዊዘሪንግ የመጀመሪያዎቹ መጠኖች ከሚገባው በላይ የበዙ፣ ድግግሞሻቸውም የተቀራረበ እንደነበር ሳይደብቅ ጽፏል። ስሕተቱን ማመኑ ስሕተቱን የቀመሱትን ሕሙማን አይክሳቸውም፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትን ግን ጠቅሟቸዋል።

የመጀመሪያው ችግር የተክሉ ኃይል አለመወሰኑ ነበር። ዊዘሪንግ መጀመሪያ ቅጠሉን በውኃ ቀቅሎ ሰጠ። አንዱ ቅመማ ብዙ ሲሠራ ሌላው ምንም አልሠራ አለው። የቅጠሉ ጉልበት እንደ ወቅቱ እንደሚለያይ ሲገነዘብ፣ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቁርጥ ያለ ጊዜ መረጠ፦ ተክሉ አበባ በሚያወጣበት ሰሞን። ፎክስግላቭ የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ተክል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ በሁለተኛው ያብባል፣ ዘር ሰጥቶም ይሞታል። በዚሁ ጊዜ ዶክተር አሽ የተባለ የበርሚንግሃም ባልደረባው አንድ ወሬ ነገረው። በኦክስፎርድ የብሬዝኖዝ ኮሌጅ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ኮውሊ ደረታቸው ውኃ ቋጥሮ የዘመኑ ታላላቅ ሐኪሞች ተስፋ ከቆረጡባቸው በኋላ የፎክስግላቭን ሥር ወስደው ድነዋል። ወሬው ዊዘሪንግን ይበልጥ አበረታታው፤ ወደ ሥሩ ግን አልዞረም። የሁለት ዓመት ተክል ሥር በዕድሜው የተነሣ ጉልበቱ እንደሚለዋወጥ ስላወቀ ከቅጠሉ ጋር ጸና። አንድን የተሳካ ፈውስ ሰምቶ እንደ ሰማው ከመገልበጥ ይልቅ የተክሉን አኗኗር መመልከቱ ጥናቱን ከተራ ሙከራ የሚለየው ነው።

መቀቀሉንም ተወ። ማፍላት የቅጠሉን ኃይል ሳይቀንሰው አይቀርም ብሎ በመጠርጠር ቅጠሉን በፈላ ውኃ ወደ መዘፍዘፍ፣ በመጨረሻም ቅጠሉን አድርቆ ወደ መፍጨት ተሻገረ። በመጽሐፉ ያስቀመጠው መጠን ለአዋቂ ሰው ከ1 እስከ 3 ግሬይን ዱቄት በቀን ሁለት ጊዜ ነው። አንድ ግሬይን 65 ሚሊግራም ገደማ ስለሆነ፣ የአንዱ ጊዜ መጠን በሻይ ማንኪያ ጫፍ ከሚያዝ ዱቄት የማይበልጥ ነው። በፈሳሽ ለሚፈልግ ደግሞ አንድ ድራም፣ ማለትም ወደ 4 ግራም የሚጠጋ ደረቅ ቅጠል፣ በግማሽ ፓይንት የፈላ ውኃ ለአራት ሰዓት ተዘፍዝፎ ይጠለልና አንድ አንድ አውንስ በቀን ሁለት ጊዜ ይጠጣል።

ከመጠኑ በላይ ክብደት ያለው ግን የማቆሚያ ሕጉ ነው። ባልቴቲቱና ደንበኞቿ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያውቁት በማስመለሱና በማስቀመጡ ነበር። ይህ እምነት በሽሮፕሻየር ብቻ የተወሰነ አይደለም። ኮሶ የጠጣ ሰው በባዶ ሆዱ ያንን መራራ ፈሳሽ ጨልጦ ሆዱ ካልታጠበ መድኃኒቱ ሠርቷል አይልም። ለኮሶ ትሉ መውጣት አለበትና እምነቱ መሠረት አለው። ዊዘሪንግ በፎክስግላቭ ላይ ያስተዋለው ግን ተቃራኒውን ነው፦ እብጠቱን የሚያጎድለው የሽንት መብዛት ሲሆን ማስመለሱ አያስፈልግም፤ በተለይም መድኃኒቱ ሕመምተኛውን ሲያስቀምጠው ሽንቱ በሚገባ አይወርድም። ስለዚህ መድኃኒቱ በኩላሊት፣ በጨጓራ፣ በልብ ምት ወይም በአንጀት ላይ መሥራቱ እስኪታይ ድረስ ይሰጥ፣ ከእነዚህ የአንዱ ምልክት ገና ብቅ እንዳለ ይቁም ብሎ ደነገገ። ባልቴቲቱ የፈውስ ምልክት አድርጋ የያዘችው ማስመለስ በዊዘሪንግ እጅ የአደጋ ደወል ሆነ። ሽግግሩን የፈጠረው ከተክሉ መታወቅ ይልቅ ይህ የትርጉም ለውጥ ነው።

የመመረዝ ምልክቶቹን ሲዘረዝር ዛሬ የመድኃኒት ባለሙያ ከሚጽፈው ብዙ አይርቅም፦ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ማዞር፣ የዐይን መደናገር፣ ነገሮች አረንጓዴ ወይም ቢጫ መስለው መታየት፣ የልብ ምት በደቂቃ እስከ 35 ድረስ መውረድ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት፣ ሞት። መድኃኒቱ ማንን እንደሚረዳም ለይቷል። ጠንካራ ሰውነት፣ ሞቃት ቆዳ፣ ቀላ ያለ ፊትና ውጥር ያለ የልብ ምት ባላቸው ሰዎች ላይ እምብዛም አይሳካም፤ ሆዱ ጠጥሮና በአንድ ቦታ ተወስኖ ያበጠ ሕመምተኛም ተስፋው አነስተኛ ነው። በአንጻሩ የልብ ምቱ ደካማ ወይም የሚቆራረጥ፣ ፊቱ የገረጣ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ቆዳው የቀዘቀዘ፣ ሆዱ ለስላሳና ውኃው የሚናወጥ፣ እግሩ በጣት ሲጫኑት የሚጎደጉድ ከሆነ መልካም ውጤት ይጠበቃል። የዛሬ ሐኪም የኋለኛውን መግለጫ ሲያነብ ልቡ የደከመ ሰው ፊቱ ላይ ይመጣበታል፤ የፊተኛው ደግሞ ውኃ መቋጠሩ ከሌላ መነሻ የመጣ፣ ወይም እብጠቱ ከነጭራሹ ውኃ ሳይሆን እጢ የሆነ ሰው ነው። ዊዘሪንግ ግን ግንኙነቱን አልጨረሰውም። መድኃኒቱ በልብ እንቅስቃሴ ላይ በሌላ በማናቸውም መድኃኒት ያልታየ ሥልጣን እንዳለው አስተውሎ፣ ይህም ለፈውስ ሊውል እንደሚችል ጠቁሞ አለፈ። ለእርሱ ፎክስግላቭ እስከ መጨረሻው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ነበር። ምልከታው ከንድፈ ሐሳቡ ቀድሞት ሄዷል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ምንም አላሳተመም። ዝምታው ዋጋ አስከፈለው። በ1776 ከኢራዝመስ ዳርዊን ጋር ለምክክር በተገናኙበት የአንዲት ታካሚ ሕመም ላይ ፎክስግላቭ እንዲሰጥ ሐሳብ ያቀረበው ዊዘሪንግ ነበር። ዳርዊን በ1778 በኤድንብራ በተማሪነት ሳለ የሞተውን የልጁን የቻርልስን ጽሑፍ በ1780 ሲያሳትም፣ በፎክስግላቭ ስለታከሙ ሕሙማን የሚናገር አባሪ ጨመረበት፤ የዊዘሪንግን ስም ግን አላነሣም። በ1785ም በዚሁ ጉዳይ ላይ ያዘጋጀው ጽሑፍ በለንደን ለሐኪሞች ኮሌጅ ቀረበ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ ወዳጅነታቸው አልተመለሰም። በዊዘሪንግ ዐይን ሲታይ በደል ነው። ይሁን እንጂ የእርሱን ስም የሰወረው ዝምታና የባልቴቲቱን ስም የሰወረው ዝምታ ምን ያህል እንደሚለያዩ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዊዘሪንግ ቢያንስ እንዲህ ያለች ሴት እንደነበረች ጽፏል፤ ዳርዊን ያንን ያህል እንኳ አላደረገም።

ለመጻፍ የገፋፋው ግን ፉክክር ብቻ አልነበረም። ፎክስግላቭ በ1783 በኤድንብራ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ገብቶ ነበር። አጠቃቀሙን በውል ሳያውቁ ብዙ ሐኪሞች ማዘዝ ጀመሩ። ዊዘሪንግ ሁለት ነገር ፈራ፦ አንደኛ ሰዎች በመጠን ብዛት እንዳይሞቱ፣ ሁለተኛ ደግሞ ከዚያ የተነሣ መድኃኒቱ አደገኛ ተብሎ ለሁልጊዜ እንዳይጣል። ዕውቀቱ ገና ያልተሟላ መሆኑን እያወቀ በ1785 ስለ ፎክስግላቭና ስለ አንዳንድ የሕክምና ጥቅሞቹ የሚያትተውን መጽሐፍ በበርሚንግሃም አሳተመ።

በመጽሐፉ ከ150 በላይ የራሱ ሕሙማን ታሪክ፣ ከዚያም ሌሎች ሐኪሞች የጻፉለት ዘገባዎች በዓመት በዓመታቸው ተደርድረዋል። በመግቢያው ላይ የያዘው አቋም ለዛሬ ተመራማሪም ከባድ ነው። የተሳኩትን ብቻ መርጦ ቢያቀርብ ለመድኃኒቱም ለራሱም ስም ይበጅ እንደነበር ያውቃል፤ ነገር ግን በአግባቡም ሆነ ያለ አግባብ የታዘዘበትን፣ የዳነውንም የሞተውንም ሁሉ አስገባ። ይህን በማድረጉ ሊነቅፉት የሚፈልጉ ሰዎች ሰበብ እንደሚያገኙ ጠብቆታል። አንባቢው ገጾቹን ሲገልጥ በአንዱ ገጽ እግሩ ጎድሎ ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው ያገኛል፣ በሌላው መድኃኒቱ ምንም ያልፈየደለት ሰው። አቀራረቡ ዛሬ ከምንጠይቀው የራቀ ነው፤ የማነጻጸሪያ ቡድን የለም፣ በዕጣ መመደብ የለም። ሆኖም በአገራችን ስለ ባህል መድኃኒት ዕፀዋት በሚደረጉ ቅኝቶች ብዙ ጊዜ የሚመዘገቡት የተክሉ ስም፣ የሚወሰደው ክፍልና የሚታከመው በሽታ ናቸው፤ መጠኑ በእፍኝና በስኒ፣ ጉዳቱ ደግሞ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ ያልተሳካለት ሰው ጨርሶ አይጠየቅም። የ1785ቱ መጽሐፍ በዚህ ረገድ ገና አላረጀም።

ከመጽሐፉ በኋላ ዊዘሪንግ በዚያው ዓመት የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ ሀብትም አገኘ። ማዕድናትንም ያጠና ስለነበር ዛሬ ዊዘራይት የሚባለው የባሪየም ማዕድን በስሙ ተሰይሟል። በድንች ቤተሰብ ውስጥ የሚመደብ አንድ የዕፀዋት ወገንም ዊዘሪንጊያ ተብሏል። ጤናው ግን አልተስማማውም፤ የሳንባ በሽታ ደጋግሞ ይጥለው ነበር። በ1791 በበርሚንግሃም በፕሪስትሊና በወዳጆቹ ላይ በተነሣው ሁከት የተከራየው የኤጅባስተን አዳራሽም ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ቀጥሎ ሁለት ክረምት ሳንባውን ከብርዱ ለማሳረፍ በፖርቱጋል አሳለፈ፤ እዚያም አርፎ አልተቀመጠም፣ የካልዳስ ዳ ራይኛን ፍልውኃ መርምሮ ውጤቱን አቀረበ። ጥቅምት 6 ቀን 1799 በበርሚንግሃም በ58 ዓመቱ ሞተ። በኤጅባስተን ቤተ ክርስቲያን በሚገኘው መታሰቢያው ላይ ፎክስግላቭና ዊዘሪንጊያ ተቀርጸዋል።

የፈራው ነገር ከሞተ በኋላ ደረሰ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች ዲጂታሊስን ለሁሉም ዓይነት በሽታ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ጭምር፣ በከፍተኛ መጠን ያዝዙት ጀመር፤ የማቆሚያ ሕጉ ተረሳ። ነገሩ ወደ ልብ የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መድኃኒቱ በተለይ የልብ ምታቸው ሥርዓት ላጣ ሕሙማን እንደሚጠቅም ታወቀ። በ1930 እንግሊዛዊው ኬሚስት ሲድኒ ስሚዝ ከሌላ የዲጂታሊስ ዝርያ ዲጎክሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ዲጎክሲን በልብ ጡንቻ ሕዋሳት ግድግዳ ላይ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚያመላልሰውን ፕሮቲን ያግዳል፤ በዚህም ምክንያት ሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይጨምርና ልብ በበለጠ ኃይል ይኮማተራል። በ1997 የታተመ፣ 6,800 የልብ ድካም ሕሙማን የተሳተፉበት ሰፊ ጥናት መድኃኒቱ ሞትን እንደማይቀንስ፣ ሆኖም በልብ ድካም ሳቢያ ሆስፒታል መግባትን እንደሚቀንስ አሳየ። የሩማቲክ የልብ በሽታ ወጣቶችን በሚያጠቃባት ኢትዮጵያም ዲጎክሲን እስካሁን ይታዘዛል። በፈዋሽና በመርዛማ መጠን መካከል ያለው ርቀት ዛሬም እንደ ዊዘሪንግ ዘመን ጠባብ ነው፤ ሕመምተኛው ነገር ቢጫ ሆኖ ይታየኛል ሲል ሐኪሙ የሚደነግጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ባልቴቲቱ ስም ያገኘችው ከዊዘሪንግ ሞት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1928 አንድ የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ድርጅት ለማስታወቂያ ባሠራው ሥዕል ላይ ዊዘሪንግ ከአንዲት አሮጊት ጋር ቆሞ ሲነጋገር ይታያል፤ አሮጊቷም እናት ሃተን ተባለች። ሥዕሉ ተወደደ፣ ስሙም ከማስታወቂያ ወደ ትረካ፣ ከትረካ ወደ መማሪያ መጻሕፍት ተሻገረ። አንዳንድ ጽሑፎች ዕፀዋትን በመልቀም የምትተዳደር የታወቀች ሴት አድርገው ገለጿት። እንግሊዛዊው የልብ ሐኪም ዴኒስ ክሪክለር መጽሐፉ 200 ዓመት በሞላበት በ1985 የስሙን ምንጭ ተከትሎ ሲመረምር ከማስታወቂያው ወዲያ የሚያልፍ ማስረጃ አልተገኘም። በዊዘሪንግ መጽሐፍ ያለችው ሴት ግን ስም የላትም፤ ያላት ሽሮፕሻየር የሚል አውራጃ፣ 20 ወይም ከዚያ በላይ ዕፀዋት ያሉበት ቅመማና ሌሎች ያልቻሏቸውን አንዳንድ ሰዎች አድናለች የሚል ወሬ ብቻ ነው። በቅመማዋ ውስጥ የነበሩት ሌሎቹ ዕፀዋት ምን ምን እንደነበሩ ዊዘሪንግ አልዘረዘራቸውም።